ሪሞቱ በማን እጅ ነው?
(በሰንበት ትምህርት ቤት የወላጆች ቀን የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ክቡራን አባቶቻችን ካህናት፣ የሰበካ ጉባኤያችን አባላት፣ የሰንበት ትምህርት ቤታችን አገልጋዮች፣ እንዲሁም ሳምንቱን ሙሉ በሥራ ደክማችሁ የእሑድ ከሰዓታችሁን የሰጣችሁን ወላጆች፣ እንደምን ዋላችሁ።

የተሰጠኝ ርእስ ክርስቲያን ቤተሰብ መዝናኛውን እንዴት ይምረጥ የሚል ነው። ርእሱን የመረጣችሁት እናንተው ናችሁ፤ ባለፈው ስብሰባችን ላይ ብዙዎቻችሁ ተነሥታችሁ ልጆቻችሁ ሊያዩት የሚገባውንና የማይገባውን ፊልም ለይተን በዝርዝር እንድንሰጣችሁ ጠይቃችሁን ነበር። ዝርዝሩን ይዤ እንዳልመጣሁ ከወዲሁ ብናገር ይሻላል። ዝርዝር የሚጠቅመው ሪሞቱ በልጆች እጅ ለገባበት ቤት ነው፤ እኔ በማውቃቸው ቤቶች ግን ማታ ማታ ሪሞቱን ይዞ የሚቀመጠው አዋቂው ነው። ዛሬ የመጣሁትም ስለ አዋቂው ልናገር ነው።

ከትንንሾቹ ክፍል ጋር የዮሴፍን ታሪክ ስንማር የሆነውን ላጫውታችሁ። ወንድሞቹ ለምን እንደሸጡት ስጠይቅ፣ ሁልጊዜ የኋላ ወንበር ላይ የሚያንቀላፋ አንድ ልጅ እጁን አወጣና «አባቱ ከሌላ ሴት ስለወለደው ነው» አለ። ዮሴፍ ከራሔል እንደተወለደ፣ ከወንድሞቹም የሚበዙት የሌሎች እናቶች ልጆች እንደሆኑ ታውቃላችሁና፣ መልሱ ከእውነት የራቀ አልነበረም። «ጎበዝ፣ ቀጥል» አልኩት። እርሱም ቀጠለ። ልጁ ተደብቆ አደገ፤ ኋላ ሀብታም ሆኖ ሊበቀል መጣ፤ መኪና ገጭቶት ማን እንደሆነ ረሳ፤ እኅቱ መሆኗን ሳያውቅ የወደዳት ልጅ ሆስፒታል ድረስ ልትጠይቀው ስትሄድ ደግሞ ጠላቶቹ ጉሉኮሱ ውስጥ መርዝ ጨመሩበት። ክፍሉ በሙሉ ጸጥ ብሎ ያዳምጠው ነበር፤ እኔ ሳስተምር እንዲያ ጸጥ ብለው አያውቁም። ሞተ ብሎ ሊጨርስ ሲል ከፊት የተቀመጠች አንዲት ልጅ «አልሞተም፤ ትናንት ማታ ነቅቷል» ብላ አረመችው።

ከዚያ በኋላ የዚያ ልጅ እናት ቡና እንድጠጣ ጠርታኝ ቤታቸው አመሸሁ። ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሷል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ከግድግዳው ላይ የእመቤታችን ሥዕል ተሰቅሏል፣ ከሥዕሉ ሥር ሰፊ ቴሌቪዥን አለ። አያትየው፣ እናትየው፣ የቤት ሠራተኛዋና ልጁ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል፤ አባትየው ጥግ ይዘው ስልካቸውን ይነካካሉ። ተዋናይቱ ስታለቅስ እማማ የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው እያስጠጉ «እመቤቴ ትድረስልሽ፣ የኔ ልጅ» ይሏታል። በኋላ ሴትዮዋና ሰውየው መኝታ ቤት ገቡ። እናትየው ሳትደነግጥ፣ ስኒዋን በቀኝ እጇ እንደያዘች፣ በግራ እጇ የልጁን ዓይን ሸፈነች። ልጁም እንደለመደው ሁሉ ግንባሩን ወደ እጇ አስጠጋላት። ድምፁ እንደሆነ ለሁላችንም ይሰማል። ትንሽ ቆይቶ ከመዳፏ ሥር «አለቀ?» ብሎ ጠየቀ። «ገና ነው» አለችው።

የማን ቤት እንደሆነ ለማወቅ ዞር ዞር አትበሉ። የብዙዎቻችን ቤት ነው። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዓይን ለመሸፈን የተዘረጋች እጅ ሪሞቱን ለመንካት ምን ከለከላት?

ቴሌቪዥን በራሱ ኃጢአት ነው የሚሉ ወገኖች አሉ፤ እኔ ከእነርሱ ወገን አይደለሁም። ቴሌቪዥን በሀገራችን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብዙ በጎ ነገር ሰጥቶናል። እዚህ ካላችሁት መካከል ቴሌቪዥን ያለው ጎረቤት ቤት ሄዳችሁ፣ ምንጣፍ ላይ ተደርድራችሁ፣ አባባ ተስፋዬ «የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች» ሲሏችሁ እጃችሁን አውጥታችሁ ሰላምታ የመለሳችሁ ብዙ ናችሁ። እርሳቸው በ2009 ዓ.ም. ሲያርፉ እንደ ገዛ አያታችሁ አልቅሳችሁላቸዋል። ቀጥሎ ዲሽ መጣ፤ በዐረብ ጣቢያዎች የማንሰማውን ቋንቋ ሥዕሉን ብቻ እያየን ስንተረጉም ዓመታት አለፉ። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ይዞ ሲመጣ የሀገራችን የጥበብ ሰዎች ሳይቀሩ ተቃውሞ አሰሙ፤ በየቤታችን ግን ማንም አልተቃወመም። ጣቢያውን ልወቅስ አይደለም፤ ጣቢያ ሥራውን ይሠራል። ለአዋቂ የተሠራን ድራማ ሕፃን በጉያ ይዞ የሚያየው ቤተሰቡ ነው፤ በምሽት ሰዓት ሕፃኑን ያላስተኛውም ቤተሰቡ ነው።

ሌላም አለ፤ ይህን ስናገር የምትቀየሙኝ ካላችሁ ተቀየሙኝ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ቴሌቪዥናቸውን በነጭ ጨርቅ የሚሸፍኑ ቤቶችን አውቃለሁ። ጥሩ ልማድ ነው፤ አከብረዋለሁ። ይሁን እንጂ በትንሣኤ ማግሥት፣ ዶሮው ሳያልቅ፣ በ55 ቀን ውስጥ ያመለጠው ክፍል ሁሉ ከዩቲዩብ እየተለቀመ በሁለት ቀን ሲታይ ልጆቹ አጠገባችን ተቀምጠው ያያሉ። ከዚህ የሚማሩት ጾም ማለት ድራማን ማጠራቀም እንደሆነ ነው። እንግዲህ እነዚህን ልጆች ነው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አምጥታችሁ «ምከሩልን፣ አልሰማ አሉን» የምትሉን! በሳምንት ከእኛ ጋር የሚውሉት ለጥቂት ሰዓት ነው፤ የቀረውን ጊዜ ሁሉ የሚያዩት እናንተን ነው፤ እናንተ የምታዩትንም ያያሉ።

ለሕፃኑ የሚከፈትለት መዝሙር ብቻ እንደሆነ የነገሩኝ እናቶች አሉ። ስልኩ ተሰጥቶት እናት ወደ ጓዳ ትገባለች። የመጀመሪያው መዝሙር ነው፤ ሁለተኛውም መዝሙር ነው፤ ዩቲዩብ ግን የሚቀጥለውን በራሱ እየመረጠ ያጫውታልና ሽሮው እስኪንተከተክ ድረስ ልጁ የት እንደደረሰ የሚያውቅ የለም። ያንን በራሱ የሚያጫውተውን ነገር ከማስተካከያው ገብቶ ማጥፋት ይቻላል፤ ወጣቶቻችን አሉ፤ ዛሬ ከዚህ ሳትወጡ ስልካችሁን ስጧቸውና ያስተካክሉላችሁ። ቲክቶክን በተመለከተም ድርጅቱ ራሱ ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ አካውንት እንዳይከፍት ስለሚከለክል ለዘጠኝ ዓመት ልጅ የከፈተ ሰው እኔን ሊከራከረኝ አይችልም።

መንፈሳዊ የሚል ስም የተለጠፈበት ሁሉም ለቤተሰብ ይሆናል ብላችሁ አትዘናጉ። ሰባኪ ሰባኪን በስም እየጠራ ሲዘልፍ፣ አስተያየት ሰጪው ደግሞ ስድብ ሲጨምርበት፣ ያንን ራት ላይ ድምፁን ከፍ አድርገው የሚያዳምጡ አባቶች አሉ። ለእኔ ይህ ከድራማው ይብሳል፤ ድራማው ቢያንስ በእግዚአብሔር ስም አይሳደብም።

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች ሲጽፍ እውነተኛ የሆነውን፣ ጭምትነት ያለበትን፣ ንጹሕ የሆነውን፣ ፍቅር ያለበትን፣ መልካም ወሬ ያለበትን እነዚህን አስቡ ይላቸዋል። ምርጫችን ከዚህ ቢነሣ ጥያቄው ይቀየራል። አብዛኛውን ጊዜ የምንጠይቀው «መሳሳም አለበት ወይ?» ብለን ነው። መሳሳም የሌለበት፣ ነገር ግን ከጥግ እስከ ጥግ በቂም፣ በተንኮልና በገንዘብ አምልኮ የተሞላ ፊልም ሲሆን እጃችንን እንኳ አናነሣም። ልጁ ከዓይን መሸፈኛው የሚማረው ሰውነት አሳፋሪ መሆኑን፣ ካልተሸፈነበት ደግሞ በቀል ደስ የሚል ነገር መሆኑን ነው።

ታዲያ ምን እንይ፣ ምን እንጫወት ለሚለው ብዙ አልልም፤ እናንተው ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁና። አንድ ያየሁትን ብቻ ልንገራችሁ። የቅዱስ ያሬድን ታሪክ ለልጆቹ ስነግራቸው ዛፍ ለመውጣት ደጋግማ እየወደቀች መጽናትን ያስተማረችውን ትል በጣቴ አድርጌ የወንበሩን እግር እያስወጣሁ ጣልኳት። ሦስተኛው ላይ መቁጠር ጀመሩ። ስድስተኛው ላይ ስትወድቅ አንዷ ወንበሯን ትታ መጥታ ጣቴን ከሥር ደገፈችው። ሰባተኛው ላይ ትሏ ጫፍ ስትደርስ የጮኹት ጩኸት ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ተሰምቶ ዲያቆኑ ምን ሆናችሁ ብለው መጡ። ለዚህ ያስፈለገው አንድ ጣትና አንድ ወንበር ነው። እነዚያ እማማ ከስንክሳሩም፣ ከተረቱም፣ ከእንቆቅልሹም እኔ የማላውቀውን ሁሉ ያውቃሉ፤ የልጅ ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጦ ሳለ እርሳቸው ግን ኢስታንቡል ላለች ሴት ያለቅሳሉ። እማማን የሚያስታውሳቸው ሰው ጠፍቶ ነው እንጂ እርሳቸው ነግረው አይጠግቡም።

ፊልም ማየት ለሚፈልግ ቤተሰብም በሩ አልተዘጋም። አዋቂው አስቀድሞ ለብቻው አይቶት፣ ከዚያ ከልጁ ጋር ተቀምጦ፣ ካለቀ በኋላ «አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» ብሎ ቢጠይቀው ከብዙ ስብከት የበለጠ ይሠራል። ስለ እግር ኳሱና በየመካከሉ ስለሚገባው የውርርድ ማስታወቂያ የምለው ነበረኝ፤ ሰዓቱ ስላለፈ ለሌላ ጊዜ ይቆየን።

ሰንበት ትምህርት ቤቱ የሚያደርገውን ተናግሬ ልጨርስ። ከሚመጣው ወር ጀምሮ በወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹን ለቤተሰብ ክፍት እናደርጋለን። አንድ ፊልም ወይም አንድ ታሪክ ይመረጣል፤ መራጮቹ ወላጆች ናችሁ፤ አገልጋዮቹ መሣሪያውን ብቻ ያዘጋጃሉ። ልጁን አድርሶ ለሚመለስ ወላጅ ቦታ የለንም፤ ልጅ የሚገባው ከአባቱ፣ ከእናቱ ወይም ከአያቱ ጋር ነው። ቆሎና ቡና የምታመጡ እናቶች፣ ተረት የምትነግሩ አዛውንቶች፣ ስትወጡ በሩ አጠገብ ለተቀመጠችው እኅት ስማችሁን አስመዝግቡ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።