አረንጓዴውን አይቼ ቀጠልሁ

እንደምን ከረማችሁ። ባለፈው ክፍል ስለ ብስባሽ አዘገጃጀት እንደምናገር ቃል ገብቼ ነበር፤ ማስታወሻ ደብተሩም ፊት ለፊቴ ተከፍቶ ተቀምጧል፤ የደብተሩ መከፈት ዕቅዱ ይፈጸማል ማለት እንዳልሆነ ግን እናንተ ከእኔ በተሻለ ታውቃላችሁ። ዛሬ የምናገረው ስለ ራስቤሪዎቹ፣ ትንንሽ ቀይ ፍሬ ስለሚሰጡት ተክሎቼ፣ ነው፤ በትክክል ለመናገር ደግሞ በቅዝቃዜው ወራት መጨረሻ ላይ፣ ከመደዳው ሦስተኛ ተክል አጠገብ ተንበርክኬ ስላሳለፍኋቸው ጥቂት ሰከንዶች ነው።

የመግረዣው መቀስ በቀኝ እጄ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሁለት አገዳዎች ከአፈሩ ጠርዝ ላይ ስቆርጣቸው ደርቀው ስለነበር እንደ ጭራሮ ቀጭ ብለው ተሰበሩ። ሦስተኛው ግን ድምፅ አላሰማም፤ ስለቱ ያለ ምንም ችግር አለፈበት፤ የተቆረጠውን ጫፍ ስመለከተውም ከቅርፊቱ ሥር ቀጭን አረንጓዴ ቀለበት፣ መሐሉ ላይ ደግሞ ነጭና እርጥብ ልብ አየሁ። ሥራ አስኪያጇ፣ ማለትም የእህቴ ልጅ፣ ዘንድሮ ስምንት ዓመት ሞልቷት ሹመቷ የጸናላት፣ አገዳውን ከእጄ ተቀብላ ጫፉን በጣቷ ነካችና «አክስቴ፣ ይሄኛው ውስጡ እርጥብ ነው እኮ» አለችኝ። እኔም ቀና ሳልል «ሁሉም እንደዚያ ናቸው፤ ዝም ብለሽ ከምሪ» አልኋት። ከዚያም አራተኛውን ቆረጥሁ።

በዚያ ቀን የቆረጥኋቸው አገዳዎች 38 ነበሩ። ማታ ብቻዬን ተመልሼ ክምሩን ስቆጥር 27ቱ አረንጓዴ ነበሩ።

ራስቤሪ ተክላችሁ የማታውቁ አድማጮች ጥፋቱ ምን ላይ እንደሆነ ላይታያችሁ ስለሚችል ባጭሩ ልናገር። የዚህ ተክል ሥር ለብዙ ዓመታት ይኖራል፤ ከሥሩ የሚወጣው እያንዳንዱ አገዳ ግን ዕድሜው ሁለት ዓመት ብቻ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ቅጠል እያወጣ ወደ ላይ ይረዝማል፤ በሁለተኛው ዓመት አብቦ ያፈራና ይሞታል። እንግዲህ የሚቆረጠው ያፈራው አሮጌ አገዳ ነው፤ አዲሱ ይተዋል፤ ጠንካሮቹ ተመርጠው በሽቦው ላይ አንዱ ከሌላው አሥር ሳንቲ ሜትር ያህል እየራቀ ይታሰራሉ። አሮጌውን ለመለየትም ጥበብ አያስፈልግም፤ ግራጫ ሆኖ ቅርፊቱ ይላጣል፤ በጎን ቅርንጫፎቹ ላይም ፍሬው ሲለቀም ተክሉ ላይ የቀሩት፣ ፍሬውን ባዶ ጽዋ የሚያስመስሉት ትንንሽ እምብርቶች ደርቀው ይታያሉ። እኔ እነዚያን የደረቁ እምብርቶች በዓይኔ አይቻለሁ። በጣቴም ነክቻቸዋለሁ።

በመጸው የሚያፈሩት ዝርያዎች ግን ፍሬያቸውን በዚያው ዓመት ባደገው አገዳ ላይ ስለሚሰጡ ቅዝቃዜው ሲያበቃ ሁሉንም ከመሬት እኩል መቁረጥ ይቻላል። እናንተ እንደምታውቁት ለአምስት ዓመት የያዝሁት የዚያን ዓይነቱን ነበር፤ እጄም የለመደው እሱን ነው። አዲሱ መደዳ በበጋ የሚያፈራው ነው። «በጋ» ባልሁ ቁጥር መልእክት የምትልኩልኝ አላችሁ፤ ልክ ናችሁ፤ በቋንቋችን በጋ ዝናብ የሌለበት ወቅት ነው፤ እኔ የምለው ደግሞ ቀኑ የሚረዝምበትን የሙቀት ወቅት ነው፤ ለዚያ አንድ አጭር ቃል ያለው ሰው ቢልክልኝ በደስታ እቀበላለሁ። «እንጆሪ ለምን አትዪም?» የሚለውንም ጥያቄ እዚሁ ልዝጋው፤ እንጆሪ የሚለው ስም የዱር ዘመዱንም ስትሮበሪንም የሚያገለግል በመሆኑ ሦስተኛ ሸክም ልጨምርበት አልፈለግሁም።

ወደ እሾሁ ልመለስ፤ ምክንያቱም ነገሩን ስመረምር ደጋግሜ የምደርሰው እዚያ ላይ ነው። የተከልሁት ግሌን አምፕል የሚባለውን ዝርያ ሲሆን የተገኘውም ከስኮትላንድ የሰብል ምርምር ተቋም ነው፤ «ግሌን» በስኮትላንድ ሸለቆ ማለት ነው፤ ከዚያው ተቋም በ1981 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ግሌን ሞይና ግሌን ፕሮሰን የተባሉ እሾህ አልባ ዝርያዎች ወጥተው ነበር። እሾህ የሚያሳጣው ባሕርይ ድብቅ በመሆኑ የሚገለጠው ተክሉ ከሁለቱም ወላጆቹ ሲወርሰው ነው፤ እሾሃም የሆኑ ሁለት ወላጆችም ባሕርዩን በውስጣቸው ከያዙ እሾህ የሌለው ልጅ ሊወልዱ ይችላሉ። በነገራችን ላይ የራስቤሪ እሾህ ከቅርንጫፍነት የተለወጠ አካል አይደለም፤ ከአገዳው ቆዳ የሚበቅል ሹል ነገር ነው። የግሌን አምፕል አገዳ ግን በእጅ ሲዳሰስ ከላይ እስከ ታች ልሙጥ ነው፤ ልጅቷ ያለ ጓንት እቅፍ ሙሉ ተሸክማ ልትከምር የቻለችውም፣ መጀመሪያውኑ ይህን ዝርያ የመረጥሁትም ለዚሁ ነበር።

ለሁለት ወር ያህል ለራሴ ስነግረው የቆየሁት ነገር አለ፤ እሾህ ቢኖረው ኖሮ ቀስ እል ነበር፤ እጄን ሳስገባ እየተጠነቀቅሁ፣ አንዱን ከሌላው እየለየሁ፣ እያንዳንዱን አገዳ እያየሁ እቆርጥ ነበር፤ ልሙጥነቱ ነው ያፈጠነኝ። ሐሳቡ ደስ ስላለኝ ደብተሩ ላይ አስምሬበት ነበር። ሆኖም በመጸው የሚያፈሩት የድሮዎቹ ተክሎች እሾሃቸው እስከ ጫፋቸው ነበር፤ እነሱንም ወፍራም ጓንት አጥልቄ በዚሁ ፍጥነት አጭዳቸው ነበር። ስለዚህ ያ ሐሳብ ምናልባት ሰበብ ነው። ምናልባትም ግማሹ እውነት ነው፤ አላውቅም፤ መስመሩን ገና አልሰረዝሁትም።

ልማድ ሦስተኛውን አገዳ ያስቆርጣል፤ ይህን እቀበላለሁ። አራተኛውን ግን ልማድ አላስቆረጠኝም፤ አረንጓዴውን አይቻለሁ፤ የልጅቷንም ድምፅ ሰምቻለሁ። በዚያች ቅጽበት ማለት የነበረብኝ «ቆይ እስኪ» ብቻ ነበር፤ 26 አገዳዎች ይተርፉ ነበር። ያላልሁት ለምን እንደሆነ ስጠይቅ የማገኘው መልስ የሚያሳፍር ስለሆነ በፍጥነት ልናገረው፤ ልጅቷ ፊት ተሳስቻለሁ ከማለት ይልቅ መደዳውን ሙሉ መቁረጥ ቀለለኝ። እንዲህ ስለው ግን የተጋነነ ይመስለኛል፤ በሰዓቱ ምንም አላሰብሁም፤ ጉልበቴ ቀዝቅዞ ነበር፤ ለመጨረስ ብቻ ቸኩዬ ነበር።

ከሁሉ የሚከነክነኝ የጊዜው ነገር ነው። በሙቀቱ ወቅት የሚያፈራ ራስቤሪ የአበባውን እንቡጥ የሚጀምረው በቀደመው ዓመት፣ ቀኑ ማጠርና አየሩ መቀዝቀዝ ሲጀምር ነው፤ ከዚያም ለመፍካት ረጅም ቅዝቃዜ ማሳለፍ አለበት። እኔ የቆረጥኋቸው አገዳዎች ቅዝቃዜያቸውን ሊጨርሱ ጥቂት ቀርቷቸው ነበር፤ የዘንድሮው አበባ በየእንቡጡ ውስጥ ተሠርቶ ተቀምጧል ማለት ነው።

ተክሉን በተመለከተ ሥጋት የለኝም። ሥሩ ደህና ነው፤ አዲሶቹ አገዳዎች አሁን ከጉልበቴ በላይ ናቸው፤ አሮጌዎቹ ስለማይሻሟቸው ከአምናዎቹ ይልቅ ወፍረዋል፤ ውኃ ካልተኛባቸው በሚቀጥለው ዓመት እንደ ልብ ያፈራሉ። እንዲያውም ሆን ብለው አንዱን መደዳ በአንድ ዓመት አገዳ ብቻ እንዲያበቅል፣ በሌላው ዓመት ፍሬ ብቻ እንዲሰጥ የሚያደርጉ ገበሬዎች አሉ። ይህን ባነበብሁ ጊዜ መጀመሪያ ወደ አፌ የመጣው ለልጅቷ የምነግራት ዓረፍተ ነገር ነበር፤ «ዘንድሮ የዓመት ዕረፍት ሰጥተናቸዋል» የሚል፣ የተስተካከለ፣ የሊቅ ንግግር የሚመስል። እስካሁን አልነገርኋትም። አልነግራትም ብዬ ግን ለመማል አልደፍርም።

አምና የመጀመሪያው ፍሬ ሲደርስ 61 ፍሬ ቆጥራ አንዱን ለእኔ ሰጥታኝ ነበር፤ የቀረው የሥራ አስኪያጅ ድርሻ ነው ተብሏል። ቅዳሜ ትመጣለች፤ ሳህኗንም ይዛ እንደምትመጣ እናቷ ነግራኛለች።

አንድ ነገር ሳልናገር ቀርቻለሁ። በዚያ ቀን ከክምሩ አንድ አረንጓዴ አገዳ መዝዛ በር አጠገብ ባለው ማሰሮ ውስጥ ተክላው ነበር፤ ያችው ሦስተኛዋ ናት ትላለች፤ እኔ ለማረጋገጥ አልችልም። ራስቤሪ የሚራባው ከሥሩ በሚወጣ ቡቃያ ነው፤ እንዲህ የተቆረጠ አገዳ መሬት ውስጥ ቢሰካ ሥር ማውጣቱ እምብዛም ነው፤ ቅጠል ቢያወጣም በውስጡ ያስቀመጠውን ስንቅ እየበላ ነው። በመጣች ቁጥር መጀመሪያ የምታጠጣው እሱን ነው፤ በሌለችበት ቀን እንዳጠጣላትም አዛኛለች፤ እኔም አጠጣለሁ። ትናንት ጠዋት ሳየው አራት ቅጠል አውጥቶ ነበር፤ ከአራተኛው ቅጠል ብብት ላይ ደግሞ አንድ ትንሽ፣ ክብ፣ ፀጉራም ነገር... እንቡጥ መሆኑን ለማየት ጎንበስ ብዬ ነበር፤ ከዚያ ስልኩ ጮኸና...