የሽቦ ቦታ
ለኤሌክትሪክ ምህንድስና ተማሪዎች፣ አምስት ኪሎ፣ አዲስ አበባ

ክቡራን መምህራን፣ የተወደዳችሁ ተማሪዎች፣

ከጥቂት ዓመታት በፊት ፒያሳ አካባቢ ወዳለ አንድ ፎቅ ተጠርቼ ሄድኩ። ሊፍቱ በሩ ሳይዘጋ ይነሳል አሉኝ። የመቆጣጠሪያ ሳጥኑን ስከፍት አንዲት ቀይ ሽቦ አገኘሁ፤ ርዝመቷ ከጣቴ አይበልጥም። የበሩ ማብሪያ ያስቸገረው ባለሙያ ሁለቱን ጫፎች በእሷ አገናኝቶ፣ በእኛ አነጋገር «ዳይሬክት አድርጎ» ሄዷል። ንድፉ ላይ የለችም። ነቅዬ ሊፍቱን ሳቆመው ተከራዮቹ የረገሙት እሱን ሳይሆን እኔን ነው።

የተጋበዝኩት ግን ስለ ሊፍት ላወራ አይደለም፤ በኒውክሌር ኃይል ማመንጫ የደኅንነት መሣሪያዎች መቆጣጠሪያ ሰርኪት ላይ ስለሚደረግ ማሻሻያ ነው። የኒውክሌር ኃይል ጉዳይ በአገራችን ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስለ ሜጋዋትና ስለ ገንዘብ ይሆናል። እኔ ወደ ሽቦው ልውሰዳችሁ።

በተከታታይ የተያያዙ ማብሪያዎችን ቅደም ተከተል ብትቀያይሩ የሰርኪቱ ሥራ እንደማይለወጥ ተምራችኋል። ፈተና ላይ ይህን ብትጽፉ ሙሉ ነጥብ ታገኛላችሁ። ኒውክሌር ጣቢያ ውስጥ ግን ይኸው መልስ ቫልቭ ሊሰብር ይችላል።

እንዴት? በሞተር የሚዘጋ ቫልቭ እንውሰድ። ሞተሩን የሚያስነሳው ኮንታክተር የሚባል በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ነው፤ ትእዛዙ የሚመጣው በመቆጣጠሪያ ክፍሉ ካለው ማብሪያ ነው። ቫልቩ ላይ ሁለት ጠባቂዎች አሉ፦ መጨረሻው ላይ ሲደርስ የሚያቋርጠው ሊሚት ስዊች፣ ጉልበቱ ከልክ ሲያልፍ የሚያቋርጠው ቶርክ ስዊች። በአንዳንድ ጣቢያዎች ኤሌክትሪኩ መጀመሪያ በጠባቂዎቹ፣ ቀጥሎ በመቆጣጠሪያ ክፍሉ ማብሪያ አልፎ ነበር ኮንታክተሩን የሚያሠራው ጥቅል ሽቦ፣ ኮይሉ ጋር የሚደርሰው። በደህናው ቀን እንከን አይወጣለትም። መቆጣጠሪያ ክፍሉ ሲቃጠል ግን የኬብሉ ልባስ ይቀልጥና ኃይል የያዘ ሽቦ ወደ ኮይሉ የሚሄደውን ሽቦ ይነካዋል። ሞተሩ ማንም ሳያዘው ይነሳል። ጠባቂዎቹ ከኋላ ቀርተዋል፤ የሚያቆመው የለም። የቫልቩ ዘንግ እስኪጣመም ወይም ሞተሩ እስኪቃጠል ይገፋል። ከዚያ ወዲያ ሠራተኛ ወርዶ በእጁ ላዙር ቢል እንኳ ላይንቀሳቀስለት ይችላል።

የአሜሪካ የኒውክሌር ተቆጣጣሪ ኮሚሽን በ1992 እ.ኤ.አ. ይህንኑ አደጋ ለጣቢያዎች በማሳሰቢያ አሳውቋል። ከመፍትሔዎቹ አንዱ ጠባቂዎቹን ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ ማብሪያ በኋላ፣ ከኮይሉ በፊት ማስገባት ነው። ማብሪያዎቹ ያው ናቸው፤ የተለወጠው ሽቦው የሚያልፍበት ተራ ነው።

እሳቱም የወረቀት ላይ ስጋት አይደለም። በመጋቢት 1975 እ.ኤ.አ. በአላባማው ብራውንስ ፌሪ ጣቢያ ሠራተኞች ኬብል የሚያልፍበትን የግድግዳ ቀዳዳ አየር ያስገባ እንደሆነ በሻማ ይፈትሹ ነበር። አዎ፣ በሻማ፤ መብራት ሲጠፋ ቤታችን በምንለኩሳት። መድፈኛው ስፖንጅ ተቀጣጠለ፣ ሰባት ሰዓት ያህል ነደደ፣ ከ1,600 በላይ ኬብሎች ተጎዱ። በመቆጣጠሪያ ክፍሉ የነበሩት ሰዎች ፓምፖች ሳይታዘዙ ሲነሱ አዩ።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ እዚያው አሜሪካ፣ በስሪ ማይል አይላንድ ኒውክሌር ጣቢያ በደረሰው አደጋ ነገሩን ያወሳሰበችው ደግሞ አምፖል ናት። የግፊት ማስተንፈሻው ቫልቭ ክፍት እንደሆነ ተጣብቆ ሳለ አምፖሏ ጠፍታለች፤ የተያያዘችው ከትእዛዙ ጋር እንጂ ከቫልቩ ጋር አልነበረምና። «ዝጋ ተብሏል» ያለችውን ሰዎቹ «ተዘግቷል» ብለው አነበቡት። ከሁለት ሰዓት በላይ ከሬአክተሩ ውሃ ወጣ። መልእክት መላክና መልእክት መድረስ ለየቅል መሆናቸውን ደብዳቤ የላከ ሁሉ ያውቃል፤ ሰርኪት ስንሠራ ግን እንረሳዋለን። ከአደጋው በኋላ ቫልቩ በእርግጥ ያለበትን ሁኔታ የሚያሳይ ምልክት እንዲገጠም ታዘዘ።

እንግዲህ በእንዲህ ያለ ጣቢያ አንዲት ሽቦ ለማዛወር የሚጻፈው ወረቀት ከሽቦዋ እጅግ ይከብዳል፤ ወጣት ባለሙያ ሲያየው ቢሮክራሲ ይመስለዋል። እኔም መስሎኝ ነበር። ወረቀቱ የሚጠይቀው ግን ይህን ነው፦ ሽቦዋ ብትበጠስስ? ከጎረቤቷ ጋር ብትነካካስ? ኃይል ቢቋረጥስ? የመጨረሻውን ጥያቄ ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። በ2011 እ.ኤ.አ. በጃፓኑ ፉኩሺማ ጣቢያ አንደኛ ሬአክተር፣ የቧንቧ መቀደድን የሚጠብቀው ሰርኪት የሱናሚው ጎርፍ ኃይሉን ሲያሳጣው ለጥንቃቄ በተሠራበት ሥርዓት መሠረት የማቀዝቀዣውን ቫልቮች የመዝጋት ትእዛዝ ሰጠ። ለአንዱ አደጋ የታሰበው ጥንቃቄ ለሌላው አደጋ በር ከፈተ።

መምህራንን አንድ ነገር ልለምን። ያን የተከታታይ ማብሪያዎች ጥያቄ ከፈተና አታውጡት፤ ከሥሩ ግን አንድ መስመር ጨምሩበት፦ «ሽቦዎቹ በየትኛው ክፍል ያልፋሉ?»

አመሰግናለሁ።