እናንተ ቤት ሽጉጥ አለ ወይ?

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ቲያትር በጠመንጃ ጉዳይ ላይ ምን ሊሠራ ይችላል የሚለውን ነው የማነሣው። ቦታው አሜሪካ ነው፤ በተለይ እኛ ሀበሾች በርከት ብለን የምንኖርበት የዋሽንግተን ዲሲና የሜሪላንድ አካባቢ። አንድ አዳራሽ፣ አራት ተዋናይ፣ አንድ ነጠላ። ከዚህ የበለጠ ዕቃ አያስፈልግም።

መነሻው ግን ብራዚል ነው። በ1960ዎቹ አውጉስቶ ቦአል የሚባል አዘጋጅ ቡድኑን ይዞ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ገጠር ይወርዳል። ተዋናዮቹ የከተማ ልጆች ናቸው። ጠመንጃቸውን ከፍ አድርገው ለመሬታችን ደማችን ይፍሰስ እያሉ ይዘምራሉ። ትርኢቱ ሲያልቅ ቪርጂሊዮ የሚባል ገበሬ ይመጣና፣ ልክ ናችሁ፣ በሉ ጠመንጃችሁን ያዙና አብረን እንሂድ፣ ባለመሬቱን እናስወጣው ይላቸዋል። ይደነግጣሉ። ይሄ እኮ የመድረክ ዕቃ ነው፣ አይተኩስም ይሉታል። ግድ የለም፣ ለሁላችሁም የሚበቃ እውነተኛ ጠመንጃ እኛ አለን ይላል። ኧረ እኛ አርቲስቶች ነን ሲሉት ነው ገበሬው ነገሩ የገባው፤ ይፈሳል ሲባል የነበረው ደም የሱ እንጂ የነሱ አይደለም። ይሄን ታሪክ ቦአል ራሱ ነው የተናገረው። ሌላው ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ከመድረክ ላይ ሆኖ የሚያዝ ቲያትር ከዚያ በኋላ አስጠላው። የጭቁኖች ቲያትር የተባለው ዘዴ፣ ተመልካቹ ራሱ ተነሥቶ የሚሞክርበት፣ አንዱ ሥሩ እዚያ የእንጨት ጠመንጃ ላይ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ነገር፣ ሽጉጡን ከመድረክ አውጡት። እኛ ዘንድ ደግሞ ተጨማሪ ምክንያት አለ። የኛ ተመልካች በፉከራና በሽለላ ያደገ ነው። ጠመንጃ የያዘ ሰው መድረክ ላይ ብቅ ሲል እጁ ለጭብጨባ ይነሣል፣ ጀግና ነዋ የመጣው! ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን ብታስተምሩ ዓይኑ መሣሪያው ላይ ተተክሎ ይቀራል። በሌላ በኩል ደግሞ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ከቀይ ሽብር የተረፈ፣ ከጦርነት የሸሸ ሰው ተቀምጦ ይሆናል። እሱ የሚያየው ሌላ ነገር ነው።

የደኅንነቱም ጉዳይ ቀላል አይደለም። እርሳስ የሌለው ጥይት ባሩድ አለው፤ ከአፈሙዙ ትኩስ ጋዝና ስብርባሪ ይተፋል፣ በቅርብ ርቀት ይገድላል። የፊልም ተዋናዩ ብራንደን ሊ በ1993 ቀረጻ ላይ የሞተው ቀድሞ በርሜሉ ውስጥ ተቀርቅሮ የቀረን እርሳስ ባሩድ ብቻ ያለው ጥይት ገፍቶ ስላወጣው ነው። በ2021 ደግሞ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ሃሊና ሃቺንስ የምትባል የካሜራ ባለሙያ በፊልም ቀረጻ ልምምድ ላይ ተገድላለች፤ እውነተኛ ጥይት መኖር በሌለበት ቦታ ተገኝቶ። እነዚያ ደመወዝ የሚከፈለው የመሣሪያ ኃላፊ የነበራቸው ቦታዎች ናቸው። የማኅበረሰብ አዳራሽ ያን ሁሉ ጣጣ ለምን ይሸከማል? የላስቲክ ሽጉጥ ራሱ በመስኮት ያየ አላፊ አግዳሚ 911 ያስደውላል።

የተኩስ ድምፅም አታሰሙ። መጽሐፍ ወለል ላይ ጥሎ ማስመሰልም ያው ነው፣ የሚደነግጥ ሰው ድምፁ ከምን እንደመጣ ለማጣራት ጊዜ የለውም።

ሽጉጥ ሳይታይ ስለ ሽጉጥ መጫወት ይቻላል ወይ የሚል ካለ፣ ጽሑፍ ይዞ የማንበብ ቲያትርን ይይ። ማይክል ኮቲ የሚባል አዘጋጅ የጀመረው ኢናፍ የተባለ እንቅስቃሴ አለ። ታዳጊዎች ስለ ጠመንጃ ጥቃት የ10 ደቂቃ ተውኔት ይጽፋሉ፣ የተመረጡት በብዙ ከተማ በአንድ ቀን ይነበባሉ። የመጀመሪያው ዲሴምበር 14, 2020 ነበር፤ የሳንዲ ሁክ ትምህርት ቤት 20 ሕፃናትና 6 አዋቂዎች የተገደሉበት ቀን 8ኛ ዓመት። እንዲህ ባለው ንባብ ተዋናዮቹ ወረቀት ይዘው ቆመው ያነብባሉ፤ መድረክ ላይ የሚደረገውን ደግሞ ሌላ አንባቢ በቃል ይናገራል። "ሽጉጡን አወጣ" ይላል፣ አለቀ። ቃል ብቻ ነው፣ ግን አዳራሹ ጸጥ ይላል። ለጀማሪ ቡድን በጣም የምመክረው ይሄን ነው፤ ሁለት ሦስት ልምምድ ይበቃዋል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ተመልካቹ ወደሚገባበት ቲያትር። ፎረም ቲያትር ይባላል። አጭር ተውኔት አንዴ ሙሉውን ይታያል፣ መጨረሻው ክፉ ነው። ከዚያ እንደገና ይጀመራል። አሁን ተመልካቹ "ቁም!" ብሎ ማስቆም፣ የባለታሪኳን ቦታ መውሰድና ሌላ መንገድ መሞከር ይችላል። መሐል ላይ ቆሞ የሚያስተናግደው ጆከር ይባላል። ካርታ የምትጫወቱ ስሙ ይገባችኋል፤ የትኛውም እጅ ውስጥ የሚገባ፣ የማንም ወገን ያልሆነ።

ቡድኖች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ነው። ትዕይንቱን ሽጉጥ ከተመዘዘበት ይጀምሩታል። ታዲያ ተመልካቹ ተነሥቶ ምን ያድርግ? ሽጉጥ የተደቀነበት ሰው ያለው ምርጫ አንድ ወይም ሁለት ነው፣ እሱም የዕድል ነገር ነው። የሚወጣው ሰው ወይ ካራቴ ይሞክራል፣ ወይ ይጸልያል፣ ሰው ይስቃል፣ ምሽቱ ተበላሸ። ቦአል ጭቆናን ከጥቃት የሚለየው በዚህ ነው። ጥቃቱ ላይ ከደረስን መነጋገሪያው አልፏል፤ ስለዚህ ሰዓቱን ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ምን ያህል? አንድ ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ነገሩን ሊቀይር እስከሚችልበት ደቂቃ ድረስ።

ለኛ ሰው ያ ደቂቃ የት እንዳለ እኔ የማምነውን ልንገራችሁ። አሜሪካ ውስጥ ጥይት የጎረሰና ያልተቆለፈ መሣሪያ ባለበት ቤት የሚኖሩ ልጆች 4.6 ሚሊዮን ገደማ እንደሆኑ በጥናት ተገምቷል። ልጆች ደግሞ ሰው ቤት ያድራሉ። ስለዚህ ደቂቃዋ ያለችው የሰው በር ላይ ነው፤ ጥያቄዋም "እናንተ ቤት ሽጉጥ አለ ወይ? ተቆልፏል?" የምትል ናት። ይቺን ጥያቄ ከሀበሻ አፍ የምትከለክለው ማናት? ይሉኝታ። በዚህ ተውኔት ክፉ ሰው የለም፤ የምንታገለው ይሉኝታን ነው።

ትዕይንቱ እንዲህ ሊሆን ይችላል። አርብ ማታ ነው። እናት የ9 ዓመት ልጇን ይዛ መጥታለች፣ ጓደኛው ቤት ሊያድር። የቤቱ አባወራ ሱቅ አለው፤ ከተዘረፈ ወዲህ ሽጉጥ ገዝቷል ሲባል ሰምታለች። የቤቱ እመቤት በሩን ከፍታ፦

"ውይ! ግቢ እንጂ፣ በር ላይ ቆሞ ወሬ አለ እንዴ? ቡናው ሁለተኛ ላይ ነው።"

"አይ እቸኩላለሁ እኮ፣ ላድርሰው ብዬ ነው።"

"በሞቴ! ቶናውን ብቻ።"

ትቀመጣለች። ፈንዲሻ ይቀርባል። "እኔ ምልሽ..." ትላለች። "ምነው?" "...ልጁ ኦቾሎኒ አይስማማውም።" ሁለተኛ ትሞክራለች፦ "ባለፈው ጋሼ ሱቅ ስለደረሰው ነገር ሰምቼ..." "ተይው፣ እግዜር አተረፈው!" ትላለች ሴትዮዋ፣ ሲኒውን እየሞላች። ሦስተኛ ልትሞክር ስትል አባወራው ይገባል፤ ከወንበሯ ብድግ ትላለች፣ "ኖር!" ጥያቄው ከነሕይወቱ ተቀበረ። ልጇን ስማ ትወጣለች። ልጆቹ ወደ መኝታ ቤት ይሮጣሉ። መድረኩ ባዶ ነው። ከመጋረጃ ጀርባ የኮመዲኖ መሳቢያ ሲሳብ ይሰማል። እዚያ ላይ ያቆማል።

እውነተኛ ኮመዲኖ አምጡ፣ ጠረጴዛ እንዲያ አይጮህም። ጠቅላላው ከ10 ደቂቃ መብለጥ የለበትም። ሦስቱ ሙከራዎች በግልጽ የተለያዩ ይሁኑ፤ ተመልካቹ "ቁም!" የሚልበት በር እነሱ ናቸውና።

ልምምዱ ስድስት ጊዜ፣ ሁለት ሁለት ሰዓት ቢሆን ይበቃል። ከዚያ ውስጥ ግማሹን የምታውሉት ለእመቤቷና ለአባወራው ነው። እነሱን የሚጫወቱት ማንም ተመልካች ምንም ይዞ ቢመጣ መመለስ አለባቸው። በጣም ከጠነከሩ ሦስተኛ ሰው አይነሣም። ከላሉ ደግሞ ማንም አያምንም። እናትየው ጥሩ መንገድ ስታገኝ ቀስ ብለው መሸነፍን መለማመድ አለባቸው፤ ለአማተር ተዋናይ ከማልቀስ ይልቅ ይሄ ይከብደዋል።

የምሽቱ ነገር። ሰው ከ40 ባይበልጥ ይመረጣል። ወንበሩ በግማሽ ክብ፣ የፊቱ ረድፍ ከመጫወቻው ሁለት ሜትር ያህል። ከፍ ያለ መድረክ ካለ ተዉት፣ ወለሉ ላይ ተጫወቱ፤ ሦስት ደረጃ መውጣት ሰውን ያስቀራል። መብራቱ ተመልካቹም ላይ ይብራ። ሊታይ ያለውን በመግቢያው ንገሩ፣ መውጣት የፈለገ የሚወጣበትን በር አሳዩ፣ ውጭ ደግሞ ውኃ ይዞ የሚቀመጥ ሰው መድቡ፤ ያ ሰው የተውኔቱ ተዋናይ መሆን የለበትም። ጠቅላላው 90 ደቂቃ ነው፣ ከዚያ በላይ ከሄደ እናቶች የሌሊት ሥራ አለባቸው።

ማሟሟቂያው ቀላል ነው። ሰው ጥንድ ጥንድ ይሆንና አንዱ መዳፉን ከሌላው ፊት አንድ ስንዝር አርቆ ይይዛል፣ ያኛው በፊቱ ይከተለዋል። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ተቀምጠው ይጫወቱ። እዚህ ላይ የሳቀ ሰው በኋላ ይነሣል።

ከዚያ ነጠላው። አንድ የ16 ዓመት ልጅ በአዛውንቶች ፊት ተነሥቶ "እኔ ብሆን እንዲህ እላለሁ" ማለት እኛ ዘንድ ድፍረት ነው። ስለዚህ እናትየው ነጠላ ትልበስ። የሚተካት ነጠላውን ይቀበላል፤ ነጠላው ትከሻው ላይ እስካለ ድረስ እሱ እናትየው ነው፣ ማንም አይገሥጸውም። ወንድም ቢሆን ይልበሰው። ነጠላውን አባወራው ላይ ማድረግ ግን አይፈቀድም፤ ተመልካች አባወራውን ተክቶ "እሺ፣ ቆልፌዋለሁ" ካለ ችግሩ በምኞት ተፈታ ማለት ነው።

ምኞት በሌላ መንገድም ይመጣል። አንዷ ትነሣና ንግግር ታደርጋለች፣ አባወራውም በአንድ ጊዜ ተጸጽቶ ሽጉጡን ለፖሊስ ሊያስረክብ ይሄዳል። በዘዴው ተመልካቹ እዚህ ላይ "አስማት!" ብሎ ይጮሃል። እኛ የተሻለ አለን። ጆከሩ ቀድሞ ያስተምር፤ ያልመሰለው ሰው "ተረት ተረት!" ይላል፣ አዳራሹ "የላም በረት!" ብሎ ይመልሳል፣ ትዕይንቱ ወደ ኋላ ይመለሳል። ማንም አይቀየምም።

የሚመጡት መንገዶች ደስ ይላሉ። በስልክ አስቀድሞ መጠየቅ፤ ፊት ለፊት አይደለምና ይሉኝታው ይቀንሳል። በሐኪም ማሳበብ፣ "የልጁ ዶክተር የሚያድርበትን ቤት ሁሉ ጠይቂ ብላኛለች"፤ ብዙ የሕፃናት ሐኪሞች ስለሚያነሡት አያስዋሽም። ጥያቄውን ከኦቾሎኒው፣ ከውሻው፣ ከመዋኛው ጋር በአንድ ትንፋሽ መደርደር። እመቤቷን ማድ ቤት ገብቶ ለብቻዋ መጠየቅ፤ እዚህ ላይ ተዋናይቷ የምትመልሰው "እኔ የት እንደሚያስቀምጠው አላውቅም" ቢሆን ተውኔቱ በአንዴ ይጠልቃል። "ልጆቹ ዛሬ እኛ ጋ ይደሩ" ማለትም አለ። ጆከሩ የቱ እንደሚበልጥ አይፈርድም። "ምን ተለወጠ? እሷስ ምን ከፈለችበት?" ብሎ ይጠይቃል። ሕጉን ግን ማወቅ አለበት፤ ሜሪላንድ በኦክቶበር 2023 መሣሪያን ልጅ ከሚደርስበት ማራቅን የሚያስገድደውን ሕግ ከ16 ዓመት በታች ከነበረው ወደ 18 ዓመት በታች አሳድጋለች።

አንድ ነገር ላይ ግን ጥብቅ ነኝ። በ2023 አሜሪካ ውስጥ በጠመንጃ ከሞቱት 46,728 ሰዎች 27,300 ያህሉ ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። ራስን ማጥፋትን በፎረም አትጫወቱ። "እኔ ብሆን ኖሮ እንዲህ ብዬ አድነው ነበር" የሚል ውድድር፣ ሰው የቀበረ ቤተሰብ ፊት፣ ጭካኔ ነው። መሳቢያው መቆለፉ ራሱን ለማጥፋት ለሚያስብም ሰው ይጠቅማል፤ ይሄን በንግግር አንሡት፣ እንዲህ ያለ ሐሳብ የያዘው ሰው የሚደውልበትን የ988ን የስልክ መሥመርም ስጡ።

መጨረሻ ላይ ቁልፉ አለ። የኬብል ቁልፍ በመሣሪያው ውስጥ አልፎ እንዳይቀባበል የሚያደርግ ነው፤ ፕሮጀክት ቻይልድሴፍ የሚባል የመሣሪያ ደኅንነት ፕሮግራም በብዙ ፖሊስ መምሪያዎች በኩል በነፃ ያድላል። ብዙ አዘጋጆች በሩ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ደርድረው "ውሰዱ" ይላሉ፣ አንድም ሰው አይወስድም። በሚያውቀው ሰው ሁሉ ዓይን ፊት ማን እጁን ይዘረጋል? ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት የወረቀት ከረጢት አዘጋጁ፤ ቁልፉና የ988 ካርዱ ውስጥ፣ ትንሽ ቆሎ ከላይ። መሣሪያ ያለውም የሌለውም አንድ አንድ ይዞ ይወጣል።