የቅዳሜ ትራክተር፦ ጅማ ላይ የእጅ ትራክተር ያለው ሰው ቅዳሜና እሁድ ምን ይሠራል?

[ምስል፦ ከዝናብ በኋላ ያለ ጓሮ። ቀይ ጭቃ የለበሰ ባለ ሁለት ጎማ ትራክተር።]

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። የዛሬው ቪዲዮ የእጅ ትራክተር ላላችሁ፣ ለመግዛት ለምታስቡ፣ እንዲሁም ቅዳሜን ቁልፍና ግራሶ ይዞ ማሳለፍ ደስ ለሚላችሁ ሁሉ ነው። የማወራው ስለ ባለ ሁለት ጎማው ነው። ከኋላው እየሄዳችሁ በሁለት እጀታ የምትነዱት፣ ባለ አንድ ሲሊንደር የናፍታ ሞተር ያለው።

አሜሪካ ውስጥ ይሄ ፍቅር የቆየ ነው። ጆን ዲር 110 የተባለውን ትንሽ ባለ አራት ጎማ የጓሮ ትራክተር ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። ዛሬም ያንን ሞዴል ፈትተው የሚያድሱ ብዙ ሰዎች አሉ። ሣር ያጭዱበታል፣ በረዶ ይጠርጉበታል። እኛ ጋ በረዶ የለም። እኛ ጋ ያለው ጭቃ ነው።

ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። አፈሯ ቀይና ሸክላማ ነው። ለቡናም ለበቆሎም የተመረጠ ነው፤ ብረት ላይ ከተጣበቀ ግን አይለቅም። ስለዚህ እዚህ ትራክተር የሚያልቀው ሥራ በዝቶበት አይደለም። ጭቃውን እንደተሸከመ፣ ውሃ እንዳዘለ ጥግ ላይ ቆሞ ስለሚሰነብት ነው። የቅዳሜ ሥራችን በሙሉ የሚነሳው ከዚህ ነው።

[ምስል፦ በእንጨት ጭቃ ሲፋቅ።]

ከማጠብ እንጀምር። ጭቃው ሳይደርቅ በእንጨት ፋቁት። ብረት ከተጠቀማችሁ ቀለሙን ትልጡታላችሁ፤ ቀለሙ በተላጠበት ደግሞ ዝገት ይጀምራል። ሞተሩ ትኩስ ከሆነ ውሃ አታስነኩት። የጋለ ብረት ላይ ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ሲፈስበት ሊሰነጠቅ ይችላል። እስኪበርድ ቡና ጠጡ።

የመኪና ማጠቢያ ፓምፕ የምትጠቀሙ ሰዎች ደግሞ ተጠንቀቁ። ውሃውን በቀጥታ ዘንግ ወደሚዞርበት ኩሽኔታ፣ ወደ አየር ፊልትሮና ወደ ፓራኦሊዮ አትርጩ። ፓራኦሊዮ የተሠራው ዘይት እንዳይወጣ ለማገድ ነው። በግፊት የሚመጣን ውሃ አይችልም።

አሁን ወደ አራሹ ዘንግ ኑ፤ ቢላዎቹ ወደ ታሰሩበት። እዚህ ጋ ቆም እንበል፣ ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣው ብልሽት የሚጀምረው ከዚህ ነውና። ሞተሩን አጥፉ። ማርሹን ዜሮ ላይ አድርጉ። ከስር በግንድ ደግፉት። ከዚያ በዘንጉ ጫፍና በጥርስ ሳጥኑ መካከል ያለውን ክፍተት ተመልከቱ። ሣር፣ የማዳበሪያ ከረጢት ክር፣ አንዳንዴም ሽቦ ተጠምጥሞ ታገኛላችሁ። ያ ክር ዘንጉ በዞረ ቁጥር ፓራኦሊዮውን ይበላዋል። ፓራኦሊዮው ሲያልቅ ዘይቱ ይወጣል፣ ጭቃው ይገባል። ከዚያ በኋላ ጥርሶቹም ኩሽኔታውም ተራ በተራ ይሄዳሉ። ክሩን ቆርጦ ማውጣት የደቂቃዎች ሥራ ነው። እባካችሁ ለሚቀጥለው ሳምንት አታሳድሩት።

የጥርስ ሳጥኑን ዘይትም እዩ። ወተት የመሰለ ከሆነ ውሃ ገብቶበታል። ቀይሩት፣ ከየት እንደገባም ፈልጉ።

[ምስል፦ የአራሹ ቢላ ከቅርብ።]

ስለ ቢላዎቹ ትንሽ ላውራ፤ በጣም የምወደው ክፍል ስለሆነ። ጫፋቸው ለምን እንደታጠፈ አስባችሁ ታውቃላችሁ? አርተር ክሊፎርድ ሀዋርድ የሚባል አውስትራሊያዊ ወጣት እ.ኤ.አ. በ1912 በአባቱ እርሻ ላይ የሚሽከረከር መቆፈሪያ ሞከረ። የመጀመሪያው መሣሪያ አፈሩን ወደ ጎን ይበትንበት ነበር። በኋላ ቢላውን አጥፎ ዘንጉን ሲያሳንሰው ችግሩ ተፈታ። እናንተ ጓሮ ያለው ቢላ የዚያ ሀሳብ ልጅ ነው።

ስለዚህ የግራና የቀኝ ቢላ ይለያያል። ስትፈቱ በፎቶ ያዙት ወይም በቀለም ምልክት አድርጉበት። ከተደባለቀ ትራክተሩ ወደ አንድ ጎን ይስባችኋል፣ መሬቱም ትልም ይሆናል። ያለቀ ቢላ ምትክ ስታጡ የአሮጌ መኪና ባሌስትራ ጥሩ ብረት ነው። አንጥረኛው ግን አንድ ነገር እንዲያውቅ ንገሩት። ግሎ ውሃ ውስጥ ከገባ በኋላ መልሶ ትንሽ ካልተሞቀ ብረቱ ደረቅ ሆኖ ይቀራል። ድንጋይ ሲመታ ይሰበራል፤ ስባሪው ደግሞ ወደ እግራችሁ ነው የሚመጣው። አዲስ ቢላ ካሰራችሁ ትንሽ ካረሳችሁ በኋላ አቁሙና ቡሎኖቹን እንደገና አጥብቁ።

[ምስል፦ የአየር ፊልትሮ ተፈትቶ።]

አየር ፊልትሮ። አብዛኞቹ የእጅ ትራክተሮች ከታች ዘይት የሚጠራቀምበት ፊልትሮ አላቸው። ከኅዳር እስከ የካቲት ዝናቡ ሲቀንስ የገጠሩ መንገድ አቧራ ነው፤ ያን ጊዜ በየሳምንቱ ማየት ያስፈልጋል። በናፍታ እጠቡት፣ አንጠፍጥፉት፣ አዲስ ዘይት እስከ ምልክቱ ብቻ ሙሉ።

እስከ ምልክቱ ብቻ ያልኩት በምክንያት ነው። ዘይቱ ከበዛ ሞተሩ ይስበውና እንደ ናፍታ ያቃጥለዋል። ያኔ ጋዙን ብትቀንሱም ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቱን ይጨምራል። የናፍታውን መስመር መዝጋት አይረዳችሁም፤ የሚያቃጥለው ሌላ ነገር ነው። መፍትሔው አየር መከልከል ነው። የአየር መግቢያውን በጠፍጣፋ ጣውላ ወይም በተጣጠፈ ወፍራም ጨርቅ ድፍን አድርጉት። በእጃችሁ አይሆንም።

ከፍታችንንም አስቡ። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ሳስቷል። 12 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተሸጠላችሁ ሞተር እዚህ የሚሰጣችሁ ወደ 10 ነው። ፊልትሮው ላይ ቆሻሻ ሲጨመርበት ጥቁር ጭስ ይመጣል። ሰው ወዲያው ናፍታ የሚረጨውን ኖዝል ይቀይራል። መጀመሪያ ፊልትሮውን እዩ።

ናፍታን በተመለከተ የጀሪካን ነገር ያሳስበኛል። ጀሪካኑ ሳይነቃነቅ ይደር። ጠዋት ቀስ ብላችሁ በንጹሕ ጨርቅ አጥልላችሁ ቅዱ። የመጨረሻዋን ሁለት ጣት ያህል አትጨምሩ፤ ውሃውና ደለሉ ያለው እሷ ውስጥ ነው። ማታ ሥራ ስትጨርሱ ታንከሩን ሙሉ። ባዶ ቦታ ካለ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ እርጥበት ጤዛ ሆኖ ናፍታው ውስጥ ይወርዳል።

ናፍታ አልቆ ሞተሩ ከጠፋ መስመሩ አየር ገብቶበታል። የናፍታ ፓምፑ ላይ ያለችውን የአየር ማስወጫ ቪቴ ላላ አድርጉ። አረፋ የሌለው ናፍታ ሲፈስ ዝጉ። ከዚያ ወደ ኖዝሉ የሚሄደውን ቱቦ ዳዶ አላሉ፣ በማስነሻው እጀታ፣ በማኖቬላው፣ አዙሩ፣ ናፍታ ሲወጣ አጥብቁ። እንደገና ስታዞሩ ኖዝሉ ጥርት ያለ ድምፅ ካሰማ ጨርሳችኋል። ዳዶው ላልቶ ሳለ ፊታችሁን አታስጠጉ።

የሞተር ዘይት ብዙ አያነጋግርም። አዲስ ሞተር በ50 ሰዓት ሥራ፣ ከዚያ በየ100 ሰዓቱ ይቀየርለታል። ሰዓቱን ግድግዳ ላይ በጠመኔ መዝግቡ።

[ምስል፦ ከውሃ ማጠራቀሚያው የሚወጣ እንፋሎት።]

አዲስ ባለቤቶች የሚደነግጡበት ነገር እንፋሎቱ ነው። ብዙዎቹ ሞተሮች ራዲያተር የላቸውም። ከላይ ያለው ውሃ እየፈላና እየተነነ ነው ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው። በእኛ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ቢፈላ ጤና ነው። ጤና ያልሆነው ውሃው ሲያልቅ ነው። ካለቀና ሞተሩ ከጋለ ቀዝቃዛ ውሃ አትድፉበት፤ እስኪበርድ ጠብቁ። የዝናብ ውሃ ለዚህ በጣም ጥሩ ነው፣ እሱ ደግሞ ሞልቶልናል። በየጊዜው ከታች ከፍታችሁ ደለሉን አፍስሱ።

አሁን አስነሱት። ማኖቬላውን ስትይዙ አውራ ጣታችሁ ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን ይሁን። ሞተሩ ወደ ኋላ ቢመታ እጃችሁ ይለቀቃል። አውራ ጣት ዙሪያውን ከጨበጠ ግን ሊሰበር ይችላል። ነጠላ፣ ጋቢ፣ ሻርፕ አውልቃችሁ አስቀምጡ። ልጆች ከሚዞረው ቀበቶ፣ ከቺንጊያው፣ ራቅ ይበሉ።

አንድ ነገር ልብ ብላችሁ ስሙኝ፣ በተለይ ጅረን አቅጣጫ ዳገት ላይ ያላችሁ። ሜዳ ላይ ወደ ግራ ለመዞር በግራው እጀታ ላይ ያለውን የመሪ ማንሻ ትጨብጣላችሁ። የግራ ጎማ ጉልበት ያጣል፣ የቀኙ ገፍቶ ያዞራችኋል። ቁልቁለት ላይ ግን ሞተሩ ጎማዎቹን ይዞ እያዘገመ ነው። ግራውን ስትጨብጡ የግራ ጎማ ተለቆ ይፈጥናል፤ ትራክተሩም ወደ ቀኝ ይዞራል። ተገላቢጦሽ ነው። ጋሪ ተጭኖ ከሆነ ሰው ይጎዳል። ቁልቁል ስትሄዱ በዝቅተኛ ማርሽ ውረዱ። ማርሹን ከላይ ምረጡ፣ መሃል ላይ አትቀይሩ። ፍሪሲዮንም አትያዙ። ታናናሾቻችሁን ስታስተምሩ ይሄን ሜዳ ላይ በቃል አስረድታችሁ ሳትጨርሱ ዳገት አታውጧቸው።

[ምስል፦ በእጅ የተጨበጠ አፈር።]

ማረስ ያለባችሁ መቼ ነው? ጣት በሚገባበት ጥልቀት ካለው አፈር አንድ ጭብጥ አንሱ፣ ጨመቅ አድርጉት፣ በአውራ ጣት ግፉት። ከተፈረፈረ እረሱ። እንደ ሊጥ ከተለጠጠ ትራክተሩን መልሱት። እርጥብ ሸክላ ሲታረስ ከቢላው ስር ያለው አፈር ይጠቀጠቃል፣ ሥርም ውሃም አያሳልፍም። ዝናብ በሚበዛበት ወር ይሄ ማለት ሙሉ ቅዳሜ ሳይታረስ ሊያልፍ ይችላል ማለት ነው። ይለፍ።

ስለ ቡናም ልለምናችሁ። አራሹን ይዛችሁ ቡና ስር አትግቡ። ውሃና ምግብ የሚስቡት የቡና ቀጫጭን ሥሮች አብዛኞቹ ያሉት በላይኛው 30 ሴንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ነው። ቢላው የሚደርሰው እዚያው ነው። ከላይ ያማረ የለሰለሰ መሬት ታያላችሁ፣ ከስር ግን ዛፉን ቆርጣችሁታል። ቡና ስር አረሙን አጭዳችሁ እዚያው ሣሩን አልብሱት። ትራክተሩ ለጎመን፣ ለድንች፣ ለበቆሎ ይቆይላችሁ።

[ምስል፦ ፓምፕ በቺንጊያ ከሞተሩ ጋር ተያይዞ።]

እሁድ ደግሞ ፕሮጀክት እንሥራ። እኔ የምመርጠው የውሃ ፓምፕ ነው። በበጋ የቡና ችግኝ ያለው ሰው ውሃ በባልዲ መሸከም ይሰለቸዋል። ሞተሩ እያለ ለምን?

ሒሳቡ ቀላል ነው። ፑሊ ማለት ቺንጊያው የሚዞርበት መንኮራኩር ነው። የሞተሩን ዙር በሞተሩ ፑሊ ስፋት አባዙ፣ ፓምፑ በሚፈልገው ዙር አካፍሉ፣ የፓምፑን ፑሊ ስፋት ታገኛላችሁ። ለምሳሌ ሞተሩ በደቂቃ 2,000 ዙር፣ ፑሊው 12 ሴንቲ ሜትር፣ ፓምፑ የሚፈልገው 2,900 ዙር ቢሆን፣ 8.3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ውሃ ይብዛልኝ ብላችሁ ከዚህ አታሳንሱት። የፓምፑ ፍጥነት በ20 በመቶ ሲጨምር የሚጠይቀው ጉልበት በ73 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ሞተሩ ይጨነቃል፣ ቺንጊያውም ይቃጠላል።

ፓምፑና ሞተሩ በአንድ ወፍራም ብረት ላይ ይበየዱ። ፑሊዎቹ በአንድ መስመር መሆናቸውን በተወጠረ ሲባጎ ለኩ። ቺንጊያውን በላሜራ ሸፍኑት። በያጁ "ያለ ሽፋንም ይሠራል" ቢላችሁ እሺ አትበሉ።

ቀጥሎ ቦታው። ፓምፕ ውሃን የሚስበው በአየር ግፊት ነው። የእኛ አየር ስስ ስለሆነ በስሌት እንኳን ከ8 ሜትር ትንሽ አለፍ ቢል ነው። በሥራ ላይ 6 ሜትርን መጨረሻ አድርጉት። እንዲያውም ከዚያ አሳንሱ። ስለዚህ ትራክተሩን ወደ ውሃው አስጠጉት። ወደ ላይ መግፋት ለፓምፑ ቀላል ነው፤ ከሩቅ መሳብ ነው የሚከብደው። የሚስበው ቱቦ የማይጨፈለቅ ወፍራም ይሁን፣ ጫፉ ላይ ማጥለያና ውሃ የሚይዝ ቫልቭ ይኑረው። ከማስነሳታችሁ በፊት ፓምፑንና ቱቦውን በውሃ ሙሉ። ካልሳበ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የላላ ማሰሪያ ነው፤ አየር በዚያ ይገባል።

ከአዌቱ የምትስቡ ካላችሁ፣ ወንዙ ከተማውን ሲያቋርጥ የከተማው ቆሻሻ ይገባበታል። ለችግኝና ለዛፍ ተጠቀሙበት። በጥሬው ለሚበላ ሰላጣና ካሮት አታጠጡበት።

ስትጨርሱ ሞተሩን ወዲያው አታጥፉ። ጋዙን ቀንሳችሁ ትንሽ ያለ ጭነት ይዙር። ከዚያ አጥፉት፣ ፓምፑን ከታች ከፍታችሁ ውሃውን አፍስሱ፣ ቺንጊያውን አላሉ፣ ታንከሩን በናፍታ ሙሉ።