ኮዳችሁ ውስጥ ያለው የሰው ኮድ

(ስክሪን፦ ተርሚናል፣ ብልጭ ድርግም የሚል ከርሰር)

ሰላም ሰላም! ዛሬ ማንም ወድዶ የማይነካውን ሥራ ነው የምናወራው። ዲፔንደንሲ ማደስ፣ ማለትም ኮዳችን የሚደገፍባቸውን ሌሎች ሰዎች የጻፏቸውን ፓኬጆች ወደ አዲስ ቨርዥን ማምጣት።

አንድ የሪአክት ፕሮጀክት ክፈቱና የተጫኑ ፓኬጆች የሚቀመጡበት ኖድ ሞጁልስ የሚለው ፎልደር ውስጥ ግቡ። እናንተ የጠራችሁት ሦስት አራት ላይብረሪ ነው። እዚያ ግን የፓኬጅ መዓት ተደርድሮ ታገኛላችሁ፤ የጠራችሁት ላይብረሪ የራሱን ዘመዶች ይጠራል፣ እነሱም የየራሳቸውን፣ ለሁለት ሰው የሰጣችሁት የሠርግ ጥሪ ሰፈሩን ሁሉ ይዞ ሲመጣ ማለት ነው። የአብዛኞቹን ኮድ አንብባችሁ አታውቁም። እኔም አላነበብኩም፣ አልዋሽም።

(ስክሪን፦ 2017)

«የሚሠራ ነገር ለምን ይነካል?» የሚል አይጠፋም። ኢኩፋክስ የሚባለውን የአሜሪካ የብድር መረጃ ድርጅት እንይ። እ.ኤ.አ. ማርች 2017 አፓቼ ስትራትስ በሚባለው የጃቫ ፍሬምወርክ ላይ ከባድ ቀዳዳ መኖሩ ይፋ ሆነ። ማስተካከያውም አብሮ ወጣ። ድርጅቱ ግን ቅሬታ የሚቀበልበት አንድ ሲስተም ላይ ሳያስገባው ቀረ። ሰርጎ ገቦቹ ሜይ ላይ ገቡ፣ እስከ ጁላይ መጨረሻ ድረስም እንደ ቤታቸው ተመላለሱበት፤ ትራፊኩን መፈተሽ የነበረበት መሣሪያ የሰርተፊኬቱ ጊዜ ካለፈ ቆይቶ ስለነበር ምንም አላየም። ወደ 147 ሚሊዮን ሰው መረጃ ተወሰደ። መድኃኒቱ ጠፍቶ እኮ አይደለም። ሁለት ወር ሙሉ የሚውጠው ጠፍቶ ነው።

እሺ፣ እንግዲያው አዲስ ቨርዥን በወጣ ቁጥር ወዲያው እንጫን? ቆይ፣ አትቸኩሉ።

(ስክሪን፦ 2024፣ ኤክስዜድ)

ኤክስዜድ ፋይል የሚጨምቅ ትንሽ ፕሮግራም ነው፣ ሊኑክስ ባለበት ሁሉ አለ። አንድ ሰው ሁለት ዓመት ገደማ በትጋት ኮድ እያዋጣ አመኔታ አተረፈ፣ ፕሮጀክቱን ከሚመሩት አንዱ ሆነ፣ ከዚያ 5.6.0 እና 5.6.1 በተባሉት ቨርዥኖች ውስጥ የጓሮ በር፣ ማለትም ሰርቨር ውስጥ በስውር የሚያስገባ ኮድ፣ ደበቀ። የተያዘበት መንገድ ነው የሚገርመኝ። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የማይክሮሶፍት ኢንጂነር ከርቀት ወደ ሌላ ኮምፒውተር በሚያስገባው ኤስኤስኤች ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል ዘገየበት። ግማሽ ሰከንድ! እኛ ብንሆን ኔትወርኩን ረግመን እናልፈው ነበር። እሱ ግን ተከታትሎ ሥሩን አገኘው። ያን ጊዜ መርዙ የደረሰው በዋናነት ዴቢያንና ፌዶራ የሚባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች የሙከራ ቨርዥኖች ላይ ነበር፤ ማለትም አዲስ ነገር ሳይቀዘቅዝ የሚቀምሱት ናቸው ቀድመው የተነኩት።

ስለዚህ እኔ የምሠራው በሁለት ፍጥነት ነው። የደኅንነት ማስተካከያ ከሆነና ቀዳዳው የእኔን ሲስተም የሚነካ ከሆነ፣ በዚያው ቀን። ተራ አፕዴት ከሆነ አንድ ሳምንት ይቆይ፣ ሌላው ይቅመሰው። አዲስ ቨርዥን እየተከታተለ አፕዴት የሚያቀርብላችሁን ሬኖቬትን የምትጠቀሙ ከሆነ ስንት ቀን እንደሚጠብቅ ልትነግሩት ትችላላችሁ።

(ስክሪን፦ የፓኬጅ ጄሰን ፋይል፣ አንድ መስመር ጎልቶ)

ይሄ ፕሮጀክታችሁ የሚጠራቸው ላይብረሪዎች የተዘረዘሩበት ፋይል ነው። ይቺን ከቁጥሩ ፊት ያለችውን የጎጆ ጣሪያ የመሰለች ምልክት አያችኋት? 1.4.2 ጽፋችሁ እሷ ካለች፣ «ከ2.0.0 በታች የሆነ አዲስ ሁሉ ይግባ» ብላችኋል። ብዙ ሰው ሳያውቅ ነው የሚፈርመው። የሚያድናችሁ የሎክ ፋይሉ ነው፤ የትኛው ቨርዥን እንደተጫነ አንድ በአንድ ይመዘግባል። ጊት ውስጥ አስገቡት። ሰርቨር ላይ ደግሞ ፓኬጅ በሚጭነው ኤንፒኤም በሚባለው መሣሪያ ኤንፒኤም ኢንስቶል ሳይሆን ኤንፒኤም ሲአይ በሉ፤ የሎክ ፋይሉና የፓኬጅ ጄሰን ፋይሉ ካልተስማሙ ሥራውን ያቆመዋል እንጂ በራሱ አያሻሽልም።

አንድ ጊዜ ሁለት ዓመት ያልተነካ የደንበኛ ፕሮጀክት ደረሰኝ። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቡና እየተፈላ፣ ሁሉንም በአንድ ትዕዛዝ አደስኩት። ቡናው ሦስተኛው ሳይደርስ የመግቢያው ገጽ ነጭ ሆነ። የትኛው ፓኬጅ እንደሰበረው በምን ልወቅ? መለስኩትና አንድ እያደስኩ ቴስት፣ አንድ እያደስኩ ቴስት፣ ሰኞም በዚሁ አለቀ። በየሳምንቱ ግማሽ ሰዓት ቢሰጠው ኖሮ ያ ሁሉ ጣጣ አይመጣም ነበር።

ፓኬጆቻችሁ ውስጥ የታወቀ ቀዳዳ መኖሩን የሚፈትሸው ኤንፒኤም ኦዲት ደግሞ ጯሂ ነው፣ ሁሉም ጩኸት እሳት አይደለም። ቀዳዳው ኮድ ስትሠሩ ብቻ የምትጠቀሙበት መሣሪያ ውስጥ ከሆነ ሰርቨር ላይ ካለው እኩል አያስደነግጥም። ብቻ ተናዳችሁ የማስተካከያ ትዕዛዙ ላይ «ፎርስ» የሚለውን እንዳትጨምሩበት፤ ዋናውን ቨርዥን ዘልሎ ይቀይርና የእኔን ቅዳሜ ያመጣባችኋል።

(ስክሪን፦ ኤንፒኤም አውትዴትድ፣ ቀይና ቢጫ ስሞች)

አሁን ቪዲዮውን አቁሙና ይቺን ጻፉ። ቀዮቹ እናንተ በፈቀዳችሁት ክልል ውስጥ አዲስ የወጣላቸው ናቸው፤ ከወጡ ሳምንት ያለፋቸውን ዛሬ ጨርሱ። ቢጫዎቹ ከክልሉ ውጭ ናቸው፣ አብዛኛውን ጊዜ ዋና የቨርዥን ለውጥ ነው፤ ለእያንዳንዱ የራሱ ብራንች ይከፈትለት፣ የለውጥ ዝርዝሩም ይነበብ። ስንት ቀይ እንዳገኛችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። የእኔ ዛሬ ጠዋት ዘጠኝ ነበር።