ለቅሶ ያልተደረሰለት መርማሪ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ድምፄ ጎርነን ካለባችሁ ጉንፋን ነው፣ ዝንጅብል እየጠጣሁ ነው የማወራው።

የዛሬው ወሬ ስለ አንድ የድሮ መርማሪ ነው። የመጽሐፍ መርማሪ። ዴቭ ብራንድስቴተር ይባላል፣ ሎስ አንጀለስ ነው የሚኖረው፣ የሚወደውም ወንድ ነው። ግማሽ ሰዓት አዳምጣችሁ መጨረሻ ላይ ዱብ ከማደርግባችሁ ከአሁኑ ልንገራችሁ ብዬ ነው። መዝጋት የፈለገ ይዝጋ፣ አልቀየምም። እኔም መጽሐፉን አንዴ ዘግቼው ነበር። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ተነስቼ መልሼ ከፈትኩት።

ያገኘሁት እዚሁ ሎስ አንጀለስ፣ ከፌርፋክስ መንገድ ብዙም የማይርቅ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ ነው። ጀርባውን ሳነብ ዋናው ሰውዬ የኢንሹራንስ መርማሪ ነው ይላል፣ ሳቄ መጣ። አዲስ አበባ ሳለሁ አንድ ኢንሹራንስ ድርጅት ካሳ ክፍል ውስጥ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። የኢንሹራንስ ሰው ጀግና የሆነበት ልብወለድ አይቼ አላውቅም። እኛ እኮ በሰው ዓይን «እነዚያ የማይከፍሉት» ነን! ልጅ ሆኜ ማሞ ውድነህ የተረጎማቸውን የስለላ መጻሕፍት ከአከራይ እየወሰድኩ በሻማ ያነበብኩ ሰው ነኝ፣ እና በኔ ጭንቅላት ውስጥ እንዲህ ዓይነት ሥራ የሚሠራ ሰው ኮሌታውን የገለበጠ፣ ሽጉጥ የታጠቀ፣ ሴት የምትሞትለት ሰው ነው። ፎርም የሚያስሞላ ሰው አይደለም።

መጽሐፉ «ፌድአውት» ይባላል። በፈረንጅ አቆጣጠር 1970 ላይ ሃርፐር ኤንድ ሮው ነው ያሳተመው፣ ደራሲው ጆሴፍ ሃንሰን። ታሪኩ እንዲህ ነው። ፎክስ ኦልሰን የሚባል፣ በሬዲዮ እየዘፈነና እያወራ ሰው የወደደው ሰውዬ መኪናው ከድልድይ ላይ ወንዝ ገብታ ትገኛለች። መኪናዋ አለች፣ ሬሳው የለም። ሚስትየዋ የሕይወት ኢንሹራንሱ ይከፈለኝ ትላለች፣ ኩባንያው ደግሞ ሬሳ ሳላይ አልከፍልም ብሎ ዴቭን ይልካል። ይሄን ሳነብ ወንበሬ ላይ ተስተካክዬ ተቀመጥኩ። ምክንያቱም እኛ ጋ የሚያከራክረው ብዙ ጊዜ ገንዘቡ አይደለም፣ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ሕይወትና ሰውዬው የኖረው ሕይወት አልገጥም ሲል ነው። ተጠቃሚ ተብሎ የተሞላው ስም አንድ፣ ደረት እየመታ የሚመጣው ሰው ሌላ።

ዴቭ ጎበዝ የሆነበት ምክንያትም እዚህ ጋ ነው ብዬ አስባለሁ። የከተማው ሰው ሁሉ የሟቹን ቤት ያየዋል፣ ፎቶውን ያየዋል፣ ዘፈኑን በቃሉ ያውቀዋል። ዴቭ ግን ሰውዬው ምን እንደደበቀ ይገባዋል፣ መደበቅ ምን እንደሚመስል ከውስጥ ስለሚያውቀው። ገዳዩን አልነግራችሁም፣ አንብቡት።

ከሱ በፊትስ በወንጀል ልብወለድ ውስጥ ወንድ የሚወዱ ወንዶች አልነበሩም ወይ? ነበሩ፣ ግን እንዴት ነበሩ። በ1930 በወጣው በዳሺል ሃሜት «ዘ ማልቲዝ ፋልከን» ውስጥ ጆኤል ካይሮ የሚባል ሰው አለ፣ ከሱ ሽቶው ቀድሞ ነው ቢሮ የሚገባው። መሳቂያም ተንኮለኛም ነው። እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ደግሞ አንዱን ታጣቂ ልጅ «ገንስል» ይሉታል። አርታኢው ባለጌ ቃል ሲያይ የሚሰርዝ ሰው ነበር ይባላል፣ ይቺን ግን «ገን» የሚል ድምፅ ስላለባት ባለ ሽጉጥ ማለት መስሎት አሳለፋት። ቃሏ ከዪዲሽ የመጣች ናት፣ ትንሽ ዝይ ማለት ናት፣ በመንገድ ቋንቋ ደግሞ አንድ ትልቅ ሰውዬ ለራሱ የያዘው ልጅ። ሰሙ ሽጉጥ፣ ወርቁ ሌላ። እኛ አገር ቢሆን የቅኔ መምህር ነበር የሚባለው።

በ1966 ደግሞ ጆርጅ ባክስት የሚባል ደራሲ ፌሮ ላቭ የሚባል ጥቁር የኒውዮርክ ፖሊስ መርማሪ አመጣ፣ ያገኘውን ሰው ሁሉ «ካት» እያለ የሚጠራ፣ አንደበቱ የማያርፍ። ያስቃል። ግን የኔ ሰው እሱ አይደለም።

ሃንሰን ያመጣው ሰው አይጮህም፣ አይሽኮረመምም። ሥራ ይገባል፣ ራት ይበላል፣ ከአባቱ ጋር ይነታረካል። አባቱ የኩባንያው አለቃ ነው፣ ሚስት ሲያገባና ሲፈታ የኖረ ሰውዬ፣ አንድ ሰው ብቻ ወዶ የተቀመጠው ደግሞ ልጁ ነው። ይሄ ቀልድ አንዴም በግልጽ አይነገርም፣ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ልብ በሉ፣ መጽሐፉ ሲወጣ ካሊፎርኒያ ውስጥ የዴቭ ኑሮ በሕግ ወንጀል ነው፣ ሕጉ የተሻረው በ1975 ነው፣ ሥራ ላይ የዋለውም በቀጣዩ ዓመት። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም ነገሩን ከበሽታ መዝገብ ላይ ያወጣው በ1973 መጨረሻ ነው። ስለዚህ ቀን ቀን የሰው ውሸት እያጣራ የሚኖረው ሰውዬ ማታ ቤቱ ሲገባ ወንጀለኛም በሽተኛም ነው።

እኔ ራሴ ይሄን ሳዘጋጅ ቃል አጣሁ። በአማርኛ የለመድነው ቃል ገና ከአፍ ሲወጣ ፍርዱን ይዞ ነው የሚወጣው። «ጌይ» ልበል ስል ደግሞ ሃንሰን ራሱ ያቺን ቃል አይወዳትም ነበር፣ «ሆሞሴክሹዋል» የሚለውን ነው የሚመርጠው። ጭራሽ እሱ ራሱ ጄን የምትባል ሚስት ነበረችው፣ ሴት የምትወድ ሴት፣ በ1943 ተጋብተው እስከሞተችበት እስከ 1994 አብረው ኖሩ፣ ልጅም ወለዱ። በየትኛው ፎርም፣ በየትኛው ሳጥን ውስጥ ትሞሉታላችሁ?

ግን መጽሐፉን ያስዘጋኝ ይሄ ሁሉ አይደለም።

ታሪኩ ሲጀምር ዴቭ ሐዘን ላይ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ አብሮት የኖረው ሮድ በካንሰር ሞቷል። ገና ሳምንታት ነው የሆነው፣ እኛ ጋ ቢሆን አርባው ሰሞን ነው። በዝናብ ወደዚያ ድልድይ እየነዳ ነው፣ የራሱን መሞትም እያሰበ ነው። እና እኔ ገጹን እየገለጥኩ የምጠብቀው አንድ ነገር ነበር። ለቅሶው የታል? ማን መጣ? ማን ድንኳን ጣለ፣ ማን እንጀራ ይዞ መጣ፣ ማን አጠገቡ ዝም ብሎ ተቀመጠ? እኛ እኮ የማናውቀውን ሰው ለቅሶ እንደርሳለን፣ ካልደረስን ዕድሜ ልክ የሚቆጠርብን ሰዎች ነን። ባሏ የሞተባት ሴት ብትሆን ኩባንያው ፈቃድ ይሰጣታል፣ ጎረቤት ይጎርፋል። ዴቭ ግን ተነስቶ ሥራ ሄደ፣ የሌላ ሰው ሚስት ሶፋ ላይ ተቀምጦ ባልሽ እንዴት ሞተ ብሎ ጠየቀ።

እዚህ ጋ ነው የዘጋሁት።

ከዓመታት በፊት እዚሁ ሎስ አንጀለስ አንድ ለቅሶ ደርሼ ነበር። ሟቹን በደንብ አላውቀውም፣ በሰው በሰው ነው የሄድኩት። ቤቱ ጢም ብሎ ነበር። ከሌላ ስቴት የመጡ የአጎት ልጆች ከፊት ተደርድረዋል፣ የገባው ሁሉ እነሱን እያቀፈ «እግዜር ያጥናችሁ» ይላል፣ አንደኛው ሟቹን ካየው ስምንት ዓመት እንዳለፈው ነግሮኛል። ወጥ ቤት በኩል አንድ ልጅ ነበረ። ደባሉ ነው ተባለ። አሥር ዓመት ምናምን አብረው የኖሩ ደባሎች። ስኳሩ የት እንዳለ የሚያውቅ እሱ፣ ቡና የሚያፈላ እሱ፣ የሟቹ እናት ከአዲስ አበባ ስትደውል ስልኩን አንስቶ ለአጎት ልጆች የሚያቀብል እሱ። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ነበር፣ እጅጌው ላይ ቡና ፈሶበታል።

ምን እንደነበሩ አላውቅም። ደባሎች ብቻ ይሆናሉ፣ እዚህ አገር የቤት ኪራይ ሰውን ዕድሜ ልክ ደባል ያደርጋል። ምንም ቢሆኑ ግን አሥር ዓመት አብሮት የኖረ ሰው ሞቶበታል። ሲኒዬን ሊወስድ ጎንበስ ሲል «አመሰግናለሁ» አልኩት። ሌላ ያልኩት ነገር የለም።

ከትናንት ወዲያ ያን ለቅሶ አብራኝ ለሄደች ጓደኛዬ ደወልኩላት። «ያ ቡና ሲያፈላ የነበረው ልጅ የት ገባ?» አልኳት።

«የቱ?» አለችኝ።