ዌብሳይታችሁ ጥርስ ነው (የምሬን ነው)

እሺ፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ የማወራው ዌብሳይት አሠርተው "በቃ፣ ተገላገልኩ" ላሉ ሰዎች ነው። ትንሽ ንግድ አላችሁ። ባለሙያ ቀጥራችሁም ይሁን ራሳችሁ ታግላችሁ አንድ ዌብሳይት አቆማችሁ፣ ሊንኩን ለወዳጅ ዘመድ ላካችሁ፣ ሁሉም "ያምራል" አላችሁ። ከዚያስ? ከዚያማ ረሳችሁት። አይደል? አትፈሩ፣ እኔም ረስቼ ስለማውቅ ነው።

ብዙ ሰው ዌብሳይትን በቤት ይመስለዋል። ዶሜይኑ አድራሻ፣ ሆስቲንጉ መሬት፣ ገጾቹ ክፍሎች ምናምን። ሰምታችሁታል፣ ሰልችቷችሁማል። እኔ ምሳሌውን አልወደውም። የቤት ጣራ ሲያፈስ እኮ አናታችሁ ላይ ነው የሚንጠባጠበው፣ ወዲያው ታውቃላችሁ። ዌብሳይት እንደዚያ አይደለም። ዌብሳይት ጥርስ ነው። አዎ፣ ጥርስ። አትሳቁ፣ ልጨርስ።

ጥርስ መበስበስ ሲጀምር አያምም። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቦታ ትቦረቦራለች። ምንም አይሰማችሁም። ትበላላችሁ፣ ትስቃላችሁ፣ መስታወት ፊት ስትቆሙ ሁሉም ነጭ ነው። ወራት ያልፋሉ። ከዚያ አንድ ቀን፣ ያውም እሑድ፣ ያውም በውድቅት ሌሊት፣ ነርቩ ጋ ይደርስና ግድግዳ ያስቧጥጣችኋል። ሕመሙ የዛሬ ነው፣ ጥፋቱ ግን የቆየ ነው። ደግሞ ጥርስ መንከባከብ ጀግንነት አይጠይቅም፣ ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለት ደቂቃ መቦረሽ ነው። ይሰለቻል። "ዛሬ ጥርሴን ቦረሽኩ" ብሎ ፎቶ የሚለጥፍ ሰው አይቼ አላውቅም። ወሩን ሙሉ ዘልሎ በወሩ መጨረሻ ሦስት ሰዓት መቦረሽም አይሆንም፣ ትርፉ ድድ ማድማት ነው። ዌብሳይትም እንደዚሁ። ዓመት ሙሉ ሳትነኩት ቆይታችሁ አንድ ቀን ወኔ ሲመጣባችሁ የተከማቸውን አፕዴት ሁሉ ባንድ ጊዜ ስትጫኑት ድዱ ይደማል። ገጹ ነጭ ሆኖ ቁጭ ይላል። ጽሑፍ የለ፣ ምስል የለ፣ ነጭ። ዎርድፕረስ (ዌብሳይት መሥሪያው ፕሮግራም) የምትጠቀሙ ታውቁታላችሁ ያንን ነጭ።

የእኔን ልንገራችሁ። አንድ ሥራ ነበረኝ፣ ዌብሳይቱ ላይ ደንበኛ መልእክት የሚልክበት ፎርም አለ። ሁለት ወር ሙሉ አንድ ሰው አልጻፈልኝም። "ገበያው ቀዘቀዘ" እያልኩ ስበሳጭ ከረምኩ። ለካ ፎርሙ ኢሜይል መላክ ካቆመ ቆይቷል! ሰዉ ይሞላል፣ "መልእክትዎ ደርሶናል" የሚል አረንጓዴ ጽሑፍ ያያል፣ አመስግኖ ይሄዳል። እኔ ጋ ምንም። ያለ ጥፋቱ ገበያውን ስረግመው! የተቦረቦረች ጥርስ ማለት እሷ ናት።

እሺ፣ መሠረቱን ስለምታውቁት ይቺን ቶሎ ቶሎ ላሳልፋት። ባክአፕ፣ ማለትም የዌብሳይቱ መጠባበቂያ ቅጂ፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ሌላ ቦታ። ሌላ ቦታ የምለው በምክንያት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ስትራስቡርግ፣ ፈረንሳይ ያለው የሆስቲንግ ኩባንያው የኦቪኤች ዳታ ማዕከል ሲቃጠል ባክአፓቸውም እዚያው የነበረ ሰዎች ሁለቱንም አጥተዋል። አፕዴት፦ መጀመሪያ ባክአፕ፣ ከዚያ ፕለጊኖቹን (ዌብሳይቱ ላይ የሚጨመሩትን ትንንሽ ፕሮግራሞች) አንድ በአንድ፣ ከዚያ ገጹን ከፍቶ ማየት። የማትጠቀሙበትን ፕለጊን ሥራ ማስቆሚያውን (ዲአክቲቬት) መጫን ብቻ አይበቃም፣ ኮዱ ሰርቨሩ (ዌብሳይቱ የተቀመጠበት ኮምፒውተር) ላይ እንዳለ ነው፣ ሙሉ በሙሉ ሰርዙት። የለቀቀ ሠራተኛ አድሚን ሆኖ አይቆይ። ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ (ከይለፍ ቃሉ ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ የሚጠይቀውን) አብሩ። ጨረስኩ። ካመለጣችሁ መልሳችሁ አጫውቱት፣ ለቻናሉም ጥሩ ነው።

አሁን ወደ ኮሜንቶቹ። ባለፈው ቪዲዮ ሥር ተመሳሳይ ነገር ደጋግማችሁ ጻፋችሁልኝ። "የእኔ ሳይት ትንሽ ናት፣ ምን አላት ብሎ ነው ሃከር የሚመጣባት?" ወገኖቼ፣ ማንም አይመጣም። ሰው የለም። ጨለማ ክፍል ውስጥ ኮፍያ አጥልቆ የእናንተን ስም የሚፈልግ ሰው የለም፣ እሱ የፊልም ነው። ያለው ቦት ነው፣ በራሱ የሚዞር ፕሮግራም። ቦቱ ኢንተርኔቱን እያንኳኳ ይዞራል፤ የሚፈልገው የታወቀ ቀዳዳ ያለበት አሮጌ ፕለጊን ነው፣ ካገኘ ይገባል። ባክቴሪያ "ይሄ የማን ጥርስ ነው?" ብሎ ይጠይቃል እንዴ?

"ገብቶስ ምን ይወስዳል?" የሚል ደግሞ አለ። ብዙ ጊዜ የሚፈልገው መውሰድ ሳይሆን ቤታችሁን መጠቀም ነው (ቤት አልልም ብዬ ነበር፣ ይቅርታ)። ከሰርቨራችሁ አይፈለጌ ኢሜይል ይልካል። የሐሰት የባንክ መግቢያ ገጽ ይተክላል። ከጎግል የመጣውን ደንበኛችሁን ወደ ቁማር ሳይት ይወረውረዋል። ይሄኛው ክፉ ነው፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከጎግል ወይም በስልክ ለሚመጣ ሰው ብቻ ነው፤ እናንተ በኮምፒውተራችሁ አድራሻውን ጽፋችሁ ስትገቡ ሁሉም ሰላም ነው። መስታወት ፊት ነጭ ነው! የምታውቁት ብራውዘሩ ቀይ ማስጠንቀቂያ ሲያወጣባችሁ ወይ ለደንበኛ የላካችሁት ደረሰኝ ስፓም ውስጥ ሲገባ ነው።

"እኔ ግን የቁልፏ ምልክት አለችኝ" (ብራውዘሩ ላይ አድራሻው አጠገብ የምትታየዋ) ላላችሁትም መልስ አለኝ። ቁልፏ የምትለው በጎብኚውና በሰርቨሩ መካከል ያለው መንገድ የተመሰጠረ ነው ብቻ ነው። ሰርቨሩ ውስጥ ምን ተቀምጧል የሚለውን አታውቅም። አጭበርባሪዎችም አላቸው እሷን፣ በነፃ ትገኛለች። ክሮም ራሱ ሰው በተሳሳተ መንገድ እየተረዳት ስለተቸገረ እ.ኤ.አ. በ2023 አንስቷታል። ስለዚህ ቁልፏን ያዙ፣ ትምክህቱን ተዉ።

የመጨረሻው ዶሜይን ነው። እ.ኤ.አ. በ1999፣ በፈረንጆቹ ገና ዋዜማ፣ ብዙ የሆትሜይል (የማይክሮሶፍት ኢሜይል) ተጠቃሚ መግባት አቃተው። ምክንያቱ? ማይክሮሶፍት ለመግቢያ የሚጠቀምበትን ፓስፖርት ዶት ኮም የሚለውን ዶሜይን ማደስ ረስቶ። ማይክሮሶፍት! አንድ የሊኑክስ ፕሮግራመር ነው በራሱ ካርድ 35 ዶላር ከፍሎ ያስከፈተላቸው። እናንተ እንደዚህ ዓይነት ደግ ሰው ስለማታገኙ ዶሜይናችሁን በራሱ እንዲታደስ አድርጉት፣ የሞላችሁት ካርድ ጊዜው አለማለፉንም እዩ። ማስጠንቀቂያው የሚመጣበትን ኢሜይልም እዩ፣ የማትከፍቱት አሮጌ ኢሜይል ሊሆን ይችላል። ከሁሉም በላይ ዶሜይኑ የተመዘገበው በማን ስም ነው? በሠራላችሁ ልጅ ስም ከሆነ ዛሬውኑ ደውሉለትና ወደ እናንተ ያዙሩት፣ ገና ሳትኳረፉ። ከተኳረፋችሁ በኋላ ስልክ አያነሳም።

ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፣ የሚቀጥለው ቪዲዮ ባክአፕን መልሶ ስለማስነሳት ነው፤ ሞክራችሁት የማታውቁት ባክአፕ ደግሞ እኔ ባክአፕ አልለውም። አሁን ይሄን ዝጉና በስልካችሁ ገብታችሁ የራሳችሁን ፎርም ሞልታችሁ ላኩ። አረንጓዴውን ጽሑፍ አትመኑ፣ ኢሜይላችሁን ክፈቱ። ካልደረሰ ኮሜንት ላይ እንገናኝ።